ቻናላችሁም መዝጊያ ሰዓት ይኑረው፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆነው ለብቻቸው ቪዲዮ ለሚሠሩ

ደሴ ፒያሳ ከምኖርበት ክፍል ሥር አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ ያነሳሉ። መርፌው ሥር ያለው እጅጌ ግማሽ ላይ ቢሆንም አይጨርሱትም። እንዳለ ይተውታል። ማሽኑን በአሮጌ አቡጀዲ ይሸፍናሉ። መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ይከታሉ። የቆርቆሮ መዝጊያውን ጎትተው ይቆልፋሉ። ያ ድምፅ እስከ ክፍሌ ይሰማል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው ሰምቼዋለሁ። እኔ ላፕቶፔን የምከፍተው ልክ በዚያ ሰዓት ነበር።

የምሠራው ስለ አካባቢያችን ነው፤ ስለ ድሮ ቤቶች፣ ስለ ገበያ፣ ስለ እጅ ሥራ። ረጅሙን ዩቲዩብ ላይ፣ አጭሩን ቲክቶክ ላይ፣ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አወጣለሁ። ቀን የሒሳብ ሥራ አለኝ። ቀረጻውም፣ ኤዲቱም፣ ኮሜንት መመለሱም ለማታ ይተርፋል። ጋቢ ተከናንቤ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እቀመጥ ነበር። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የቪው ቁጥር ነበር።

አንድ ቀን ሰኞ ገበያ አንዲት እናት በርበሬ ሲሰፍሩ እየቀረጽኩ ነው። ጣሳው ሞልቶ ሲፈስ፣ ቀዩ አቧራ ፀሐይ ላይ ሲበተን፣ እሳቸው በመዳፋቸው አፍሰው ምራቂ ሲጨምሩ በስክሪኑ አያለሁ። ምንም አልተሰማኝም። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ልቤ ዝላይ ይል ነበር። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ለሦስት ሳምንት ምንም አልሠራሁም።

በዚያ ሰሞን ነው ልብስ ሰፊውን የጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ያልጨረሱትን ትተው እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» አልኳቸው። «ያልጨረስኩት ካለ ነገ ከየት እንደምጀምር አውቃለሁ ማለት ነው» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ንግግር በኋላ አንድ በአንድ ሞክሬ ያቆየሁት ነው። እናንተም በቅደም ተከተሉ ብትሞክሩት ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይሠሩ የኋለኞቹ አይያዙም።

አንደኛ፦ የቱ ድካም እንደሆነ ለዩ

ሁሉም ድካም አንድ አይደለም። ሁለት ቀን ተኝታችሁ የሚለቃችሁ ድካም ድካም ብቻ ነው። እኔ የማወራው ተኝታችሁም ስለማይለቀው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህን ዓይነቱን መታከት በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ እትም ውስጥ አስፍሮታል። በሽታ ብሎ ሳይሆን፣ መላ ሳይበጅለት ከቆየ የሥራ ጫና የሚመጣ ነገር ብሎ ነው። ምልክቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛው ጉልበት ማለቅ ነው። ሁለተኛው ሥራው ማስጠላቱ፣ ልብ ከሥራው መራቁ። ሦስተኛው «ብሠራም ለውጥ የለውም» ማለት መጀመር ነው።

በእኛ ሥራ ሁለተኛው ቀድሞ ይመጣል። በርበሬው ፊት ቆሜ ባዶ የሆንኩት ለዚያ ነው። ተመልካቹ ሲያናድዳችሁ፣ የሌላ ሰው ጥሩ ቪዲዮ ሲያስከፋችሁ፣ ካሜራውን ቻርጅ ማድረግ ራሱ ተራራ ሲሆንባችሁ እዚያው ናችሁ።

አንድ ደብተር ያዙና ለሰባት ቀን ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ። ዛሬ በጣም ያደከመኝ ሥራ የትኛው ነው? ቀለል ያደረገኝ የትኛው ነው? ስንት ሰዓት ላይ አቆምኩ? እኔ ያደከመኝ ቀረጻው መስሎኝ ነበር፤ በብርድ ስለምቆም። ደብተሩ ሌላ ነገር አሳየኝ። ከሰባቱ ቀን አምስቱ ላይ «ኮሜንት» የሚል ተጽፏል። ቀረጻ የሚለው «ቀለል ያደረገኝ» በሚለው መስመር ላይ ነው የተገኘው። ሳላውቅ ልተወው የነበረው ያንኑ የሚያድነኝን ሥራ ነበር።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካልበላላችሁ፣ ከቪዲዮ ሥራ ውጪ ያለው ሕይወትም ከጨለመባችሁ፣ መኖር ራሱ ከሰለቻችሁ ይህ ጽሑፍ አይበቃችሁም። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፤ ወደ ሐኪም ሂዱ። ወሎ ውስጥ ስንጨነቅ «ያልፋል» ተባብለን ማለፍ ለምዶብናል። ሐኪም ጋ መሄድም ያው የማለፊያው መንገድ ነው።

ሁለተኛ፦ መዝጊያ ሰዓት አብጁ

ሱቅ መዝጊያ አለው። ቢሮ መውጫ ሰዓት አለው። የእኛ ሱቅ ግን ኪሳችን ውስጥ ነው፤ ደንበኛው ሌሊት ከዋሽንግተንም ከሪያድም ያንኳኳል። ስለዚህ መዝጊያውን ራሳችን መሥራት አለብን።

ሰዓቱን ምረጡ። የኔ ማታ 3 ሰዓት ነው። ሰዓቱን መምረጥ ግን ብቻውን አይሠራም፤ በእጅ የሚሠራ ነገር ያስፈልገዋል። ልብስ ሰፊው አቡጀዲ አላቸው። እኔ ላፕቶፑን ዘግቼ በነጠላ እሸፍነዋለሁ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ አደርጋለሁ። ለመቀስቀሻ አሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት አስጠግኛለሁ። ስልኩ አልጋዬ አጠገብ ካለ እከፍተዋለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ነገ የምትጀምሩበትን አንድ ነገር በወረቀት ጻፉ። «ከ3ኛው ደቂቃ ጀምሮ ድምፁን ማስተካከል» የሚል ይበቃል። ሥራውን ሆን ብላችሁ ግማሽ ላይ ተዉት። ጠዋት ባዶ ስክሪን ፊት ከመቀመጥ የተጀመረ መቀጠል ይቀላል።

የላይክና የኮሜንት ማሳወቂያውን በሙሉ አጥፉ። የሥራ ጥሪና የቤተሰብ መልእክት ብቻ ይቆይ። ቁጥሩን የምታዩበት ቀን በሳምንት አንዴ ይሁን። እኔ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ ነው የማየው። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት እጅ ያሳክካል። ከዚያ ይለቃል።

ኔትወርክ ሌሊት ይሻላል ብላችሁ የምትነቁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። አፕሎዱን አስጀምራችሁ ተኙ። 40 በመቶ ላይ ቆሞ ብታገኙት ጠዋት ይቀጥላል። እንቅልፍ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ሦስተኛ፦ የጉልበቱን ሒሳብ በወረቀት ሥሩ

በሙያዬ ሒሳብ ስለምሠራ ይህን ቶሎ ማድረግ ነበረብኝ። አንድ የ8 ደቂቃ ቪዲዮ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እኔ ስቆጥር እንዲህ ሆነ፦ ሰው ማግባባትና ቀጠሮ 2፣ መንገድ 1፣ ቀረጻ 4፣ ኤዲት 9፣ ታምብኔል (የቪዲዮው የፊት ምስል) እና ርዕስ 1፣ አፕሎድ 2፣ የመጀመሪያው ቀን ኮሜንት 2። ድምሩ 21 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ማለት 42 ሰዓት። ከቀኑ ሥራዬ ላይ ሌላ ሙሉ ሥራ ደርቤ «ምን ነካኝ?» እል ነበር።

ብዙዎቻችን የምንሮጠው ዩቲዩብ ካልተሮጠለት ይጥለናል ብለን ነው። ሕጉን አንብቡት። ከማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት የሚጠየቀው 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት 4,000 የመታየት ሰዓት ነው። ወይም ደግሞ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭር ቪዲዮ) ቪው። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ሰው በአማካይ 4 ደቂቃ ካየላችሁ በዓመት 60,000 ቪው ማለት ነው። በወር ሁለት ብትሠሩ 24 ቪዲዮ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 2,500 ቪው ይደርሰዋል። በዚያ ላይ አምና የወጣው ቪዲዮ ዘንድሮ ሲታይም ይቆጠራል። በየቀኑ አውጡ የሚል መስመር የትም የለም። ዩቲዩብ ገቢ ላቋርጥ እችላለሁ የሚለው ለ6 ወርና ከዚያ በላይ ቪዲዮም ሆነ ፖስት ያላወጣ ቻናል ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ማረፍና ስድስት ወር መጥፋት በጣም ይራራቃሉ።

አሁን በሳምንት ለዚህ ሥራ በእውነት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ ጻፉ። እንቅልፍ፣ ቤተሰብ፣ ለቅሶና ሠርግ ከተቀነሰ በኋላ ማለቴ ነው። እዚህ አገር ለቅሶ አይቀርም። የቀረውን አንድ ቪዲዮ ለሚፈጀው አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የእናንተ ፍጥነት ነው። የኔ በወር ሁለት ሆነ። በጣም ያነሰ መሰለኝ፤ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ወር አልዘለልኩም።

አራተኛ፦ ስንቅ ያዙ

አባቶቻችን መንገድ ሲወጡ በሶና ዳቦ ቆሎ ሳይቋጥሩ አይወጡም ነበር። ለቻናልም እንደዚያው ነው። ሁልጊዜ ሦስት ያለቀላቸው፣ ግን ያልወጡ ቪዲዮዎች ይኑሯችሁ። ቀን የማያልፍባቸው ይሁኑ፤ የእንሥራ አሠራር፣ የአንድ ሠፈር ስም ታሪክ፣ የአያት ተረት።

ይህ ለእኛ ከተማ ቅንጦት አይደለም። መብራት ይጠፋል። ኔትወርክ ለሰዓታትም ለወራትም የጠፋበትን ጊዜ ሁላችንም አይተናል። በዚያን ጊዜ ስንቅ ያለው ሰው አይደነግጥም። ኮሜንት ላይ «ጠፋችሁ» ሲባልም አይሸማቀቅም።

ስንቅ የሚጠራቀመው ቀረጻን በማከማቸት ነው። አንድ ቀን ወጥታችሁ ለሦስት ቪዲዮ የሚሆን ቅረጹ። በሌላ ቀን ኤዲት ብቻ፣ በሌላ ቀን ድምፅ ብቻ። አየሩንም ተጠቀሙበት። ደሴ ላይ ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ለሩቅ ቀረጻ አይመችም፤ ለፊትና ለእጅ ቅርብ ቀረጻ ግን ብርሃኑ ልስልስ ያለ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ቀትሩ ይከብዳል፤ ጠዋት ጨርሱና ቀትሩን ቤት ውስጥ ለድምፅ ተዉት። ፓወር ባንክና ሁለተኛ ሜሞሪ ካርድ ከተሻለ ካሜራ በፊት ግዙ።

ያለቀውን ቀን ሰጥታችሁ አስቀምጡት። ዩቲዩብ ቪዲዮውን በቀጠሮ ያወጣል። ቴሌግራምም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ስትቆዩ በቀጠሮ የመላክ ምርጫ ይመጣል፤ እሱን ስትነኩ ቀንና ሰዓት ይጠይቃችኋል። እናንተ ለቅሶ ላይ ሆናችሁ ሥራው ይወጣል።

አምስተኛ፦ ዕረፍቱን በዘመን መቁጠሪያ ላይ ቀድማችሁ አስፍሩ

«ስጨርስ አርፋለሁ» የሚባል ዕረፍት አይመጣም። እኛ ደግሞ የተባረክን ነን፤ ሁለት የበዓል አቆጣጠር ይዘን በአንድ ሠፈር እንኖራለን። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ይመጣል። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ናት። መስከረም 21 ግሸን አለ። መውሊድ፣ አረፋ፣ ጥምቀት አሉ።

መስከረም ላይ ቁጭ በሉና ሁለት ቀለም ብዕር ያዙ። በአንዱ የምትሠሩበትን፣ በአንዱ የምታርፉበትን አክብቡ። የሚጾም ሰው በጾሙ የመጨረሻ ሳምንት ከባድ ቀረጻ አይያዝ። ጳጉሜን ሙሉውን ለኔ ዕረፍት ነው፤ ካሜራውን አልነካም። በዓል ላይ ሁሉም ሰው ቪዲዮ ስለሚያወጣ እኔም ማውጣት አለብኝ የሚለውን ሐሳብ ተዉት። እናታችሁ ቤት ዶሮው ሲወጣ ስልክ ይዛችሁ ከላይ አትቁሙ። ተቀመጡና ብሉ።

ስድስተኛ፦ ሐሳብ ፍለጋ ያለ ካሜራ ውጡ

ሐሳብ አለቀብኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለቀበት መስማት ነው። እኔ የማደርገውን ላካፍላችሁ።

በወር አንድ ቀን፣ ስልኩን ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እወርዳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ሐረጎ ላይ መኪናው ሲጠማዘዝ ጆሮ ይደፈናል። ታች ሲደረስ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። ከገቢናው፣ ከኋላ ወንበሩ፣ ከረዳቱ አፍ የሚወጣውን ወሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የተማሪ ፈተና፣ የበግ ዋጋ፣ የሠርግ ቀጠሮ፣ ከጅቡቲ የመጣ የሹፌር ወሬ በአንድ መኪና ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ ስደርስ በ2009 ዓ.ም በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በኩል የፈረቃ ሠራተኞች ሲወጡ አያለሁ። ከገጠር ትናንት የመጣች ልጅ የመጀመሪያ ደመወዟን ምን እንደምታደርግበት ለጓደኛዋ ስትነግር የሰማሁት እዚያ ነው። ማንንም አልቀረጽኩም። ማታ ግን ደብተሬ ላይ ሁለት ገጽ ሞላ። የኮምቦልቻ ልጆች ከሆናችሁ አቅጣጫውን ገልብጡት፤ ሽቅብ ወደ ብርዱ ውጡ።

ስትመለሱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ አንድ የሰማችሁት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሽታ፣ አንድ መልሱን የማታውቁት ጥያቄ። ሦስተኛው ወርቅ ነው። የምታልፉበትን ቦታ ስም ብቻ ጠይቁ። ፒያሳ ለምን ፒያሳ ተባለ? ቧንቧ ውሃስ? ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» መባሉ ብቻውን ምን ዓይነት ግብር እንደነበር አያስጠይቅም? የወይዘሮ ስህንን ትምህርት ቤት ስም በየቀኑ ይጠራል፤ ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን ስንቱ ተማሪ ያውቃል? ከተማዋ ራሷ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1882 ባለ ጅራት ኮከብ አይተው ከደስታቸው ስም አወጡላት እየተባለ ይነገራል። እኔ ከስም ጥያቄ ብቻ የአንድ ዓመት ቪዲዮ ሠርቻለሁ፤ ገና ሩቡ አላለቀም።

ሌላው ቡና ነው። ጎረቤቴ እትዬ ቡና ሲጠሩኝ ድሮ በአቦሉ ጠጥቼ እወጣ ነበር፤ ኤዲት አለብኝ እያልኩ። አንድ ቀን «ልጄ፣ ስልክሽን አስቀምጪና በረካውን ጠብቂ» አሉኝ። ጠበቅኩ። አቦሉ ላይ የኑሮ ውድነት ተወራ። ቶናው ላይ የሠፈር ወሬ። በረካው ላይ፣ ቡናው ሲቀጥን፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ እትዬ ድሮ ባቲ ገበያ ከእናታቸው ጋር በእግር ሲሄዱ የዘፈኑትን ዘፈን አነሱ። ድምፃቸው ቀጠነ። ከዚያ በፊት አስር ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሆዱን የሚያወጣው በረካው ላይ ነው። አንድ ቃል ግን፦ እንዲህ ያለ ነገር በቡና ላይ ስትሰሙ ቪዲዮ ለማድረግ ሌላ ቀን ፈቃድ ጠይቁ። እትዬ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው በሦስተኛው «እሺ» አሉኝ።

ባቲ ከተነሳ አይቀር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አራቱ ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ ናቸው። ባቲና አምባሰል ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍረን የምንሄድባቸው አገሮች ናቸው። በአምስት ድምፅ ስንት ሺህ ዘፈን ወጣ? ሐሳብ ሲጠፋባችሁ ሜዳውን አታስፉ፤ አጥብቡት። «ስለ ወሎ ሁሉንም» ከማለት «በአንድ ወር ውስጥ ስለ አንድ መንገድ ብቻ» በሉ። ከቧንቧ ውሃ እስከ አራዳ ያለውን መንገድ ብቻ ይዛችሁ አራት ቪዲዮ ለመሥራት ሞክሩ። እኔ ሳጠብበው ነው ዓይኔ የተከፈተው።

ሰባተኛ፦ ኮሜንቱን ግቡበት እንጂ አትኑሩበት

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት፣ በቀን ብርሃን መልሱ። ማታ ደክሟችሁ የምታነቡት ስድብ ጠዋት ከምታነቡት በእጥፍ ይከብዳል።

ዩቲዩብ ስቱዲዮ ሴቲንግ ውስጥ የታገዱ ቃላት የሚጻፉበት ቦታ አለ። ቲክቶክም ተመሳሳይ አለው። ስድቦቹን አስገቧቸው። በአማርኛ ግን አንድ ቃል በብዙ ፊደል ይጻፋል፤ በ«ሀ»ም በ«ሐ»ም በ«ኀ»ም፣ በ«ሰ»ም በ«ሠ»ም፣ በ«አ»ም በ«ዐ»ም። ሁሉንም አጻጻፍ ካላስገባችሁ ያልፋል። በብሔርና በሃይማኖት የሚሰድበውን ሳትከራከሩ አጥፉ። ሥራውን የሚተቸውን ግን አትንኩ። «ድምፁ አይሰማም» ያለኝ ሰው ማይክ እንድገዛ አድርጎኛል። በጣም የሚከብድ ሳምንት ሲሆን ለእህቴ ስልኩን እሰጣታለሁ። እሷ አንብባ የሚጠቅመውን ብቻ ትነግረኛለች።

ስምንተኛ፦ ወንፈል ግቡ

ገበሬ አረሙን ብቻውን አይጨርሰውም፤ ዛሬ የአንዱን ነገ የሌላውን ያርማሉ። እኛም አራት ሆነን ጀምረናል፤ ሁለት ከደሴ፣ ሁለት ከኮምቦልቻ። በወር አንድ ቀን የአንዳችንን ሥራ አራታችንም እንሠራለን። አንዱ ይቀርጻል፣ አንዱ ድምፅ ይይዛል፣ አንዱ ሰው ያግባባል። ባለሥራው ምሳ ያበላል። ሒሳቡ ቀን በቀን ነው እንጂ ብር በብር አይደለም፤ ብር ከገባ ይበላሻል። 4 ሰዓት የሚፈጅብኝ ቀረጻ በወንፈል አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከዚያ በላይ ግን ቁጥር ያነሰበት ሰው ለሌላው መናገር መቻሉ ነው የጠቀመን። ቤተሰብ ይወደናል፤ ግን ታምብኔል ሌሊት ስድስት ጊዜ መቀየር ምን እንደሆነ አይገባውም።

ጓደኛ ከሌላችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ካሜራ የሚወዱ ተማሪዎች አይጠፉም።

ዘጠነኛ፦ ገንዘቡን ከእንቅልፋችሁ ለዩ

አጭር ነው። የወር ኪራይ በቪው ላይ አይመሥረት። ሌላ ገቢ እስካለ ድረስ አትልቀቁት። ማስታወቂያ ስትሠሩ ግማሹን ቀድማችሁ ተቀበሉ፤ ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉም በጽሑፍ ይሁን። እኔ አንድ ድርጅት ሰባት ጊዜ አስቀይሮኝ፣ ክፍያውን አምስት ወር አዘግይቶብኛል። የዚያን ጊዜ የደከምኩትን ያህል በቀረጻ ደክሜ አላውቅም። ለዕቃ መግዣ ብድር ከመግባት እቁብ ይሻላል።

አሥረኛ፦ ከነአካቴው የደከማችሁ ከሆነ

እስከዚህ ስታነቡ «እኔ አሁን ምንም ማድረግ አልችልም» ያላችሁ ካላችሁ ከላይ ያለውን ለጊዜው ተዉት። ለተመልካች አንድ መስመር ጻፉ፤ «እስከዚህ ቀን አርፋለሁ፣ እመለሳለሁ» የሚል። ቀኑን ጥቀሱ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይሁን። ይቅርታ አትጠይቁ። አፖቹን ከስልካችሁ አውጡ፤ አካውንቱ አይጠፋም። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኙ። በሁለተኛው በእግር ውጡ፤ ሰው ጠይቁ፤ ያልሄዳችሁበት ዘመድ ጋ ሂዱ።

ስትመለሱ የመጀመሪያው ቪዲዮ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይሁን። በስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ ሙዚቃ ሳትጨምሩበት። ትልቁን ሥራ ለመመለሻ አታስቀምጡት።

እኔ ስመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ሰኞ ገበያ ነው። ካሜራ አልያዝኩም። በርበሬ ሰፋሪዋ እናት አወቁኝ። አንድ ኪሎ ስጠይቃቸው «ነይ፣ አፉን ያዢልኝ» ብለው የማዳበሪያውን ጆንያ አፍ ሰጡኝ። ሁለቱም እጄ ተያዘ። እሳቸው ከትልቁ ቁና እየገለበጡ ሲሞሉ አቧራው አስነጠሰን፤ ተያይዘን ሳቅን። በርበሬው ከየት እንደመጣ፣ ዘንድሮ ለምን ቀለሙ እንደፈዘዘ፣ ለባለቤታቸው ፍታት የሸጡት የትኛው እንደነበር ሲነግሩኝ ቆየሁ። ማታ 3 ሰዓት ሳይሞላ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ላፕቶፑ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር፤ አልገለጥኩትም።